ከመስመሩ ፊት ያለችው መሰላል

ጃንዋሪ 12፣ ሰኞ

ቺቴኬ ክሊኒክ ከሐሙስ ጀምሮ ከመስመር ውጭ ነው። ሐይቁ ማዕበል ስለተነሳበት ጀልባ አይሄድም፤ እኔም ምዙዙ ቢሮ ተቀምጬ ጥፍሬን እበላለሁ። የክሊኒኩ መዝገብ ሠራተኛ ዌድሰን ቺራምቦ ሲግናል ፍለጋ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተው በዝናብ ደወሉልኝ። "አማማ፣ ኬላው ማንንም አላሳልፍም ብሏል" አሉ። አማማ እናት፣ አዳዳ አባት እንደማለት ነው፤ እዚህ ሰውን በክብር የምንጠራው እንዲህ ነው። ምን እንደነኩ ጠየቅኳቸው። "አድስ" የሚል ጽሑፍ መጣ፣ ተጫኑት፣ ሌላ የነኩት ነገር የለም። ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው።

አለቃዬ ጎንድዌ "ቆይ፣ ይሄ ነገርሽ ምንድን ነው የሚሠራው?" ብሎ ስለጠየቀኝ ለአሥረኛ ጊዜ አስረዳሁት። በአሥራ ዘጠኙ የሐይቅ ዳር ክሊኒኮች ውስጥ አንድ አንድ ትንሽ ሳጥን አለች። ፋየርዎል የሚባለው እሷ ላይ ነው ያለው፤ እኛ ኬላ እንለዋለን። ፕሮግራሙ የማንም ኩባንያ አይደለም፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያርመዋል፣ በነጻ። እኔ ደግሞ ከላዩ የምትገጠም ተቀጥላ ጽፌለታለሁ። በዚያች ቀጭን መስመር ላይ የላቦራቶሪ ውጤት ከፊልምና ከዘፈን በፊት እንዲያልፍ የምታደርገው እሷ ናት። ማን ይለፍ የሚለውን የምታነበው ከአንድ የስም ዝርዝር ነው። የቺቴኬው ዝርዝር ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። ጎንድዌ ሰምቶ ሲያበቃ "እና ማን ነው ያጠፋው?" አለኝ። ለእሱ ሁሌም ጥያቄው "ማን" ነው።

ጃንዋሪ 17፣ ቅዳሜ

ጀልባ ተገኘ። ሄድኩ፣ ዝርዝሩን በእጄ ሞላሁ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ዘጠኝ ቀን ዘግተን ግማሽ ሰዓት።

ሲስተር ቴምዋ የአሥራ አንድ ጨቅላ ሕፃናት የደም ውጤት ተከማችቶ እንደቆየ ነገረችኝ። አንደኛው ሕፃን ጃንዋሪ 9 መድኃኒት መጀመር ነበረበት፤ የጀመረው ዛሬ ነው። ደህና ነው፣ ይጠባል፣ ክብደቱ አልቀነሰም። እናቱ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ ኬብል እያየሁ ነበር።

ቺራምቦ ኮንዶዎሌ የሚባለውን የካሳቫ ገንፎ ኡሲፓ ከሚባለው ትንንሽ ዓሣ ጋር አስቀረቡልኝ። ሳጥኗ ከጣሪያው ፍሳሽ እንድትድን ብለው የራሳቸውን ወንበር ከሥሯ አድርገውላት፣ እሳቸው የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። "አማማ፣ ጥፋቱ ከእኔ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ሁለተኛ አልነካም" አሉኝ። አጣራለሁ አልኳቸው።

ጃንዋሪ 20፣ ማክሰኞ

ተቀጥላዋ የምትላክበትን የፋይል ጥቅል ከፈትኩ። ተቀጥላዋ ስትታደስ አሮጌው ጥቅል ይነሳል፣ አዲሱ ይገባል፤ በመሃል እንዳይጠፉ ቀድመው የሚወጡ ፋይሎች ደግሞ የማቆያ ዝርዝር አላቸው። የማቆያው አራተኛ መስመር የስም ዝርዝሩ ነው። ከፊቱ መሰላል አለች። ይቺው # የምትባለው፣ የስልክ ካርድ ስንሞላ መጨረሻ ላይ የምንጫናት። መሰላል ከፊቱ ያለበትን መስመር ማሽኑ እንዳላየ ያልፈዋል።

ዘጋሁት። መብራት ሊጠፋ ነው።

አልጠፋም።

ጃንዋሪ 23፣ ዓርብ

ሪፖርቱን አስገባሁ። ጎንድዌ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሊሎንግዌ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት ብሎ በላዬ ላይ ቆሞ ነበር። "በጣቢያው በኩል የተፈጠረ" ብዬ የጻፍኩትን አንብቦ "ይሄ ምንም አይልም" አለና "የተጠቃሚ ስህተት" አስባለኝ። ውሸት አይደለም። የተጫኑት እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ አሥራ ስምንቱ ክሊኒኮች አልተጫኑም፣ ምንም አልሆኑም። ሪፖርት ደግሞ ሪፖርት ነው፣ ማን ያነበዋል።

ፌብሩዋሪ 1፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ቺቴኬ ያወራሉ። አንዷ፣ የክሊኒኩ ሰውዬ ኮምፒውተር ሲጫወት ሕፃን ገደለ አለች። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠችና ከሥራ ታግዷል፣ ጉዳዩም ኮሚቴ ፊት ይቀርባል አለቻት። ጎንበስ ብዬ "ሕፃኑ አልሞተም፣ ሰውዬውም አልተጫወቱም" አልኳቸው። ዞር ብለው አዩኝ። የመጀመሪያዋ "አንቺ በምን አወቅሽ?" አለችኝ። መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ፣ ዝናቡን እየጠጣሁ ቤቴ ገባሁ።

እገዳ ማለት ለእሳቸው ምን እንደሆነ ለራሴ ላስረዳ አያስፈልገኝም። የሚኖሩበት ቤት የክሊኒኩ ነው። ከተሰናበቱ ከነሚስታቸው ይወጣሉ፤ በሃምሳ አራት ዓመታቸው፣ "ሕፃን የገደለ" የሚል ስም ተለጥፎባቸው፣ በዚያ ሐይቅ ዳር ማን ሥራ ይሰጣቸዋል። ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ካርድ ያልጠፋባቸው ሰው ናቸው። ሪፖርቴ ላይ "ይታገድ" የሚል ቃል የለም። እኔ "ይታገድ" አላልኩም።

አሁን ማድረግ ያለብኝ ተቀጥላዋን ማረም ነው። ጥቅሉ ከታረመ ነገሩ በራሱ ግልጽ ይሆናል፣ ማንም ማንንም መክሰስ አያስፈልገውም። መሰላሏን ማን እንዳስቀመጣት መቆፈር ጊዜ ማባከን ነው። ማረሙ ነው ቁም ነገሩ። ኮሚቴው የሚቀመጠው ማርች 13 ነው፤ ከዚያ በፊት አደርሰዋለሁ። ጎንድዌም ይሁን ሊሎንግዌ፣ የሚያቆመኝ ካለ ይሞክረኝ።

ፌብሩዋሪ 4፣ ረቡዕ

መሰላሏን አነሳሁ። አንድ ፊደል። የኬላውን ፕሮግራም በጋራ ለሚሠራው ፕሮጀክት ላክሁ። እነሱ ተቀብለው ካላተሙት ለክሊኒኮቹ አይደርስም።

ፌብሩዋሪ 6፣ ዓርብ

ተመለሰብኝ። ራዶሚር ይባላል፤ ብርኖ የሚባል ከተማ ሆኖ የሚላኩ እርማቶችን የሚያጣራ ሰው ነው። እግረ መንገዴን ያስተካከልኳቸውን ሁለት መስመሮች ከዳር ገባ ያደረግኩት በታብ ቁልፍ ፈንታ በባዶ ቦታ ቁልፍ ነው። በዓይን አይለይም፤ እሱ ለየው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "ይስተካከልና ይላክ" ብቻ። አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ሰው ከቤቱ ሊወጣ ነው፣ አንተ ባዶ ቦታ ትቆጥራለህ? ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። አስተካክዬ ላክሁ።

ፌብሩዋሪ 13፣ ዓርብ

ደግሞ ተመለሰ። የጥቅሉን ቁጥር ከፍ አላደረግሽም አለኝ። እውነቱን ነው። ሳጥኖቹ የሚያዩት ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ውስጡን ብቀይር ባልቀይር ቁጥሩ ያው አሥራ አንድ ከሆነ "ይሄማ አለኝ" ብለው ይቀመጣሉ። እርማቱ ታትሞ ማንም ሳይደርሰው ይቀር ነበር። ይህን የምሳሳት ጀማሪ ሳለሁ ነበር። ምን ነካኝ? ለጎንድዌ "አልቋል" ብዬው ነበር፣ እሱም ለሊሎንግዌ "አልቋል" ብሏል።

አሥራ ሁለት አድርጌ ላክሁ።

ፌብሩዋሪ 20፣ ዓርብ

ጎንድዌ በሩን ዘግቶ አስቀመጠኝ። ተቀጥላዋን ማረሜን ይወደዋል፣ ግን በጸጥታ እንዲሆን ይፈልጋል። ዕቃው ጉድለት ነበረበት ከተባለ ሊሎንግዌዎቹ ሳጥኖቹን በሙሉ ሊያስነሱ ይችላሉ፤ አሥራ ዘጠኝ ክሊኒክ ወደ ወረቀትና ወደ ብስክሌት ይመለሳል። አንድ ሰው ነው ወይስ አሥራ ዘጠኝ ክሊኒክ፣ አንቺው መዝኚው አለኝ።

"ጥገናሽን ጨርሺ፣ ሪፖርቱን ተዪው" አለ። "ቺራምቦ ቢበዛ ጡረታውን ያጣል። ሰው አልሞተ።"

"ሚኒባስ ውስጥ ግን ሞቷል" አልኩት። አልገባውም።

ወጥቼ በሩን ወርውሬ ዘጋሁት። አሁን ሳስበው በሩን መወርወር ምንም አይደለም። እንቢ አላልኩትም።

ፌብሩዋሪ 24፣ ማክሰኞ

ቺራምቦ ደወሉ። ጤንነቴን ጠየቁ፣ የእናቴን ጠየቁ፣ ዝናቡን አነሱ። ከዚያ፦

"አማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። 'አድስ' የሚለውን መጫን ክልክል ነበር?"

"አልነበረም" አልኳቸው።

"እንዲያ ከሆነ ለኮሚቴው ይህችን ብቻ ይጻፉልኝ። ክልክል አልነበረም የምትለዋን።"

እያየሁት ነው አልኳቸው። እያየሁት ነው! እሳቸው አመስግነው ዘጉ። አንድ አረፍተ ነገር ነው የለመኑኝ፣ እኔ እንደ ሚኒስትር መለስኩላቸው።

ማርች 3፣ ማክሰኞ

የሰማዕታት ቀን ነው፣ ቢሮ ዝግ። ዘበኛውን ለምኜ ገባሁ። ትርፍ ሳጥን ከመጋዘን አወጣሁ፣ ጠርጌ ፕሮግራሙን እንዳዲስ ጫንኩባት። ላለፉት ሁለት ዓመታት የምሞክረው በራሴ ማሽን ላይ ነበር፤ እሱ ላይ ደግሞ ዝርዝሩን ድሮ በእጄ ሌላ ቦታ ስለገለበጥኩ ሁልጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ "እኔ ጋ ይሠራል" እያልኩ ዓመታት ኖርኩ። ንጹሕ ሳጥን ላይ አንድ ቀን እንኳ አልሞከርኩትም።

በአሮጌው ጥቅል፦ ዝርዝሩ ጠፋ። ደገምኩ፣ ጠፋ። በአዲሱ፦ አለ። አሥራ አንድ ጊዜ ደጋገምኩት፣ አሥራ አንድ ጊዜ አለ። ብቻዬን እየሳቅሁ ዘበኛው መጥቶ አየኝና ተመልሶ ሄደ።

ማርች 8፣ እሑድ

ራዶሚር ለሦስተኛ ጊዜ መለሰው። ጥቅሉ አሁን ልክ ነው አለ፤ የጎደለው ማብራሪያው ላይ ሁለት መስመር ነው። ስህተቱ የገባው በየትኛው ለውጥ ነው? ጉድለቱን ያገኘው ማን ነው? ሁለቱም በስም ይጻፉ አለ። የነሱ ወግ ነው፤ ይህን ሳያውቁ የማንንም እርማት አይቀበሉም።

ተቆጣሁና ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩለት። ይህ ፍርድ ቤት አይደለም፣ እርማቱ ይሠራል፣ ማን ምን እንዳደረገ ለማን ይጠቅማል አልኩት። ጎንድዌ እዚህ "ማን" ይለኛል፣ አንተ ደግሞ ከዚያ "ማን" ትለኛለህ አልኩት። ጎንድዌ ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። በአንድ ሰዓት መለሰልኝ። ለማሳፈር አይደለም አለ። አሮጌው ጥቅል በእጁ ያለ ሰው ችግሩ እሱንም ይነካው እንደሆነ የሚያውቀው፣ ስህተቱ መቼ እንደገባ ሲጻፍ ነው። ያገኘው ሰው ስም የሚጻፈው ደግሞ ሥራው የእሱ ስለሆነ ነው። መጨረሻ ላይ "እኔም ብዙ ጊዜ ስሜን ጽፌያለሁ" ብሏል።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማርች 11፣ ረቡዕ

ፕሮግራሙ እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካውን ሰው ስም ይይዛል። አንዲት ትእዛዝ መጻፍ ነው። ከጃንዋሪ 20 ጀምሮ ያልጻፍኳት ትእዛዝ።

ጻፍኳት። አራተኛ መስመር፦ ታዎንጋ ምሲስካ። እኔ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ዓርብ፣ ከሥራ መውጫ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው። ከጎኑ የጻፍኩት ምክንያትም አለ፦ "ለሙከራ ነው፣ በኋላ ይነሳል።" ለዚያን ቀን ሙከራ ዝርዝሩ እንዲጠፋልኝ ፈልጌ ነበር ያስቀመጥኳት። የንኻታ ቤይ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ወጣሁ።

ማሽኑ የነገረኝ አዲስ ነገር የለም። መሰላሏን ባየሁበት ቅጽበት አውቄያለሁ። እንደዚያ ዓይነት መሰላል የማስቀምጠው እኔ ነኝ፣ ከኋላዋ አንድ ባዶ ቦታ ትቼ።

ማብራሪያው ላይ ጻፍኩ። ስህተቱን ያስገባው፦ ታዎንጋ ምሲስካ። ጉድለቱን ያገኘው፦ ዌድሰን ቺራምቦ፣ ቺቴኬ ክሊኒክ። ላክሁት። ማንም ሊያነበው የሚችል ገጽ ላይ ይቀመጣል፣ ጎንድዌንም ጨምሮ። ያንብበው።

ማርች 13፣ ዓርብ

ሳይቀዘቅዝ ይጻፍ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡት የሆስፒታል ዋና ነርስ አማማ ሙንታሊ ናቸው፤ ጎንድዌ በቀኛቸው፣ ከሊሎንግዌ የመጣ አንድ ሰው በግራቸው። ቺራምቦ ኮት ለብሰው፣ በዚህ ሙቀት እስከ አንገታቸው ቆልፈውት፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጎንድዌ ሪፖርቴን አነበበ። በሱ ድምፅ ሲነበብ የባሰ ነው። "የተጠቃሚ ስህተት" የሚለው ላይ ሲደርስ ቺራምቦ አንገታቸውን አልደፉም፤ እኔን አዩኝ።

ትርፏን ሳጥን በዘንቢል ይዤ ነበር የገባሁት። ሳይፈቀድልኝ ተነስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ጎንድዌ "ይሄ በአጀንዳው የለም" አለ። አማማ ሙንታሊ "ተዋት፣ ልያት" አሉ።

ሳጥኗ ላይ ያለው አሮጌው ጥቅል ነው። የቺቴኬን ዝርዝር ሞልቼ አሳየኋቸው፤ አሥራ ሁለት ስም፣ የወሊድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት። ከዚያ "አድስ" የሚለውን ራሴ ተጫንኩ። ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሲያበቃ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ባዶ።

"አዳዳ ቺራምቦ የተጫኑት ይህንን ነው" አልኩ። "እኔም የተጫንኩት ይህንኑ ነው። መጫን ክልክል አልነበረም። ማንም ቢጫነው ዝርዝሩ ይጠፋል። ያጠፋው እኔ የጻፍኩት መስመር ነው።"

የሊሎንግዌው ሰው የሆነ ነገር ጻፈ። ጎንድዌ ስህተት ያለ ነው፣ ወይዘሪት ምሲስካ ዘግይታም ቢሆን ደርሳበታለች፣ ሪፖርቱን በቅን ልቦና ነው የጻፈችው ብሎ ጀመረ። የሚያመልጠኝን ቀዳዳ እየከፈተልኝ ነበር። ልገባበትም ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አማማ ሙንታሊ በእጃቸው አስቆሙት። መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ ይህን ያወቅሽው መቼ ነው?" አሉኝ።

"ጃንዋሪ 20።"

"ሪፖርቱ የተጻፈውስ?"

"ጃንዋሪ 23።"

ሌላ አልጠየቁም። ያን ጊዜ አላለቀስኩም፣ አሁንም አላለቅስም። ባፍርም ከእንግዲህ የምደብቀው ነገር ስለሌለ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ቺራምቦ ባርኔጣቸውን ከአንድ ጉልበት ወደ ሌላው አዞሩ። ስወጣ በሩ ላይ ተያየን፣ እጄን ዘረጋሁ። እጄን አይተው አለፉ። ትክክል ናቸው።

ማርች 16፣ ሰኞ

ውሳኔው ወጣ። አዳዳ ቺራምቦ ከነሙሉ ክብራቸው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፣ ክሊኒኩ በረንዳ ላይ በሰው ፊት ይነበባል። ሳጥኖቹ አይነሱም፤ የሊሎንግዌው ሰው "ጉድለቱን የሚናገር ሰው ያለው ዕቃ ይሻለኛል" ብሏል አሉ። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የኃላፊነት ማዕረጌም ተነሳ። ጎንድዌ ደብዳቤውን የሰጠኝ በጸሐፊዋ በኩል ነው። ሻይ ሰዓት ላይ "ራሷን በራሷ አቃጠለች" ሲል በመስኮት ሰማሁት። አዎ፣ ራሴን። ሌላ ሰው ከማቃጥል።

ማርች 19፣ ሐሙስ

ተቀብለውታል። አሥራ ሁለት ቁጥር ታትሞ ወጣ። ራዶሚር አንዲት ቃል ብቻ ጽፏል፦ "ገብቷል።"

ማርች 30፣ ሰኞ

አሥራ ስምንቱ ክሊኒኮች ታደሱ፣ ምንም አልጠፋም። ቺቴኬ ብቻ ቀረ። አልደወልኩም። በምን አፌ "ይጫኑ" ልበላቸው?

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ራሳቸው ደወሉ። ጤንነቴን አልጠየቁም።

"'አድስ' ይላል" አሉ።

"ይጫኑ" አልኳቸው። "ከጠፋ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ስልኩን አይዝጉት።"

ሲግናል ያለው ጉብታው ላይ ነው፤ ሳጥኗ ያለችው ከታች። ስልኩን ለሚስታቸው ሰጥተው ወረዱ። ንፋሱንና ትንፋሿን ብቻ እሰማለሁ። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቆምኩ። ሩብ ሰዓት ሊሆን ሲል እያለከለኩ ተመለሱና ከወረቀት ላይ አነበቡልኝ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ። የወሊድ ክፍል። ላቦራቶሪ። መድኃኒት ቤት። አሥራ ሁለቱንም።

"ሁሉም አሉ" አሉ። ቀጥለውም "እርስዎን ገና ይቅር አላልኩም" አሉ።

"አውቃለሁ፣ አዳዳ።"

"አሁን ሪፖርት ይጻፉ። እንደዚያን ጊዜው፣ የተጫነው ሰው ስም ይግባበት።"

ስልኩን ሳልዘጋ ጻፍኩ፣ እየጻፍኩም አነበብኩላቸው። ማርች 30፣ ቺቴኬ ክሊኒክ። ዝማኔውን የተጫኑት፦ ዌድሰን ቺራምቦ። የጠፋ ነገር፦ የለም።

"ድገሚው" አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንቺ" ብለው። ደገምኩት።